አልዛይመርን ማጥናት ያዋጣል ወይ ላልሽው

ጥያቄሽን ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። «ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመረቅኩ፤ አያቴ በአልዛይመር ነው ያረፉት፤ ተመራማሪ ልሁን ብል ያዋጣል? በሽታው ለእኔስ ይተላለፍ ይሆን?» ነው ያልሽው። አሜሪካ የምርምር ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ 14 ዓመት ሆነኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

አክስቴ ሰው መለየት ሲያቅታት ሰፈሩ ሁሉ «ጃጀች» ነበር ያለው። እኔም አምኜ ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ አውጉስተ ዴተር ሰማሁ። በሽታው በስሙ የተጠራለት ጀርመናዊ ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ አንጎሏ ጀርመን፣ ቱቢንገን ከተማ ላይ ጥናቱን ያቀረበባት ታካሚ ናት። ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። በ51 ዓመቱ ማን ይጃጃል? ይህች ጥያቄ ይዛኝ ቀረች።

አሁን ስለ ሥራው። ፒኤችዲዬን ስሠራ በታመሙ አይጦች አንጎል ውስጥ የአንድን ፕሮቲን መጠን እለካ ነበር። ፕሮቲን በዓይን አይታይም። የምትፈልጊውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ትገዢያለሽ፤ የያዘበት ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። መስመሩ ከወፈረ ፕሮቲኑ በዝቷል። የእኔ መስመር በታመሙት ላይ ወፍራም፣ በጤነኞቹ ላይ ቀጭን። ደስታዬን አትጠይቂኝ! ሁለት ዓመት ሠራሁበት። ፖስተር አቀረብኩ። እናቴ ጋ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ (ምን እንደምል ባይገባትም እልል አለች)።

አንድ ቀን የላባችን ፖስትዶክ (ፒኤችዲውን ጨርሶ የሚመራመር) «ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን በጠፋበት አይጥ ላይ ሞክረኸዋል?» አለኝ። ከሌላ ላብ ናሙና ለምኜ ሞከርኩ። ፕሮቲኑ ጨርሶ የሌለበት አንጎል ነው፤ ምንም መታየት አልነበረበትም። መስመሩ ወጣ። አንቲቦዲው ለካ ሌላ ነገር ነበር የሚይዘው። የሁለት ዓመት ልፋት ውኃ በላው። በሻጩ ብናደድ ያምርብኝ ነበር፤ ግን ያንን ሙከራ በመጀመሪያው ሳምንት መሥራት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አስተማሪዬ አልተቆጣኝም። «በጊዜ አገኘኸው» ብሎኝ ቡና ጋበዘኝ። ሌላ ዓይነት አለቃ ቢሆን ኖሮ ውጤቱን ደብቄ እቀጥል እንደሁ አላውቅም።

ለዚህ ነው ከርዕስ በፊት አስተማሪ ምረጪ የምልሽ። ላቡን ለቀው የሄዱ ተማሪዎችን ጠይቂ፤ አሁን ያሉት ይፈሩ ይሆናል። ስህተት ሲደበቅ ምን እንደሚመጣ አይተናል፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ አሚሎይድ፣ ማለትም በሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ስለሚከማቸው ፕሮቲን፣ ወጥቶ ስንቱ ሲጠቅሰው የኖረ ጽሑፍ፣ ምስሎቹ ተነካክተዋል ተብሎ በ2024 ተሰርዟል። «የአሚሎይድ ነገር አከተመ» ያሉ ነበሩ። እኔ አልስማማም፤ አሚሎይድ በሽታውን ያመጣል የሚለው ሐሳብ የቆመው በአንድ ጽሑፍ ሳይሆን በዘር ውርስ (በጂን) ጥናት ላይ ነው።

ትዕግሥትሽን ደግሞ ለኪው። ይኸው አሚሎይድ (ሙሉ ስሙ አሚሎይድ ቤታ) ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እሱን ከአንጎል የሚጠርገው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው በ2023። መሃል ላይ ስንት መድኃኒት ወደቀ! እሱም ቢሆን በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ 27 በመቶ ያህል አዘገየ እንጂ አላቆመውም። የአንጎል እብጠትና መድማትም ሊያስከትል ይችላል።

ገንዘቡስ? እዚህ በዘርፉ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ተከፍሎልሽ፣ የወር መተዳደሪያም ይሰጥሻል። ማስተርስ ግድ አይደለም። አትራቢም፣ አትበለጽጊም። ከዚያ በኋላ ዕድሜሽ የምርምር ገንዘብ በመጠየቅ ያልቃል፤ ከምትጽፊው ማመልከቻ አብዛኛው ይመለሳል። ላብ እስክታገኚ አር (R) ወይም ፓይተን (Python) የሚባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች ተማሪ፤ ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚፈልገው። ኢብሮ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአንጎል ምርምር ድርጅት አፍሪካ ውስጥ የሚያዘጋጃቸውን ሥልጠናዎችም ተከታተይ።

ስለ መተላለፉ፣ ተረጋጊ። በቀጥታ በዘር የሚወርደው ከሕመምተኞቹ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። አፖኢ4 የሚባለው የጂን ዓይነት ግን ስጋት ይጨምራል፤ ፍርድ አይደለም። የሚገርመው፣ ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ በዮሩባ ሽማግሌዎች ላይ ሲጠና ተጽዕኖው ከአውሮፓውያኑ ደከም ብሎ ተገኘ። ለምን? የእኛ ሰውስ? የዘር ጥናቱ አብዛኛው የተሠራው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ አንቺ ብትገቢበት ሥራ አይጠፋም።

አያትሽን ሕመሙ የጀመራቸው ገና በ50ዎቹ ከነበረና ሌላም የታመመ ዘመድ ካለ የነርቭ ሐኪም አነጋግሪ። ለፕሮፌሰሮች የምትልኪውን ኢሜይል ደግሞ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፤ እስከ ሰኞ አይልሻለሁ።