መልስ፦ ስክለራል ሌንስ በቧንቧ ውሃ ይለቅለቃል ወይ?

እህቴ፣ ለኬራቶኮነስ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን ሳስቶ የሚሾልበት ሕመም) የታዘዘልሽ ስክለራል ሌንስ፣ ማለትም ሥሩ ፈሳሽ ይዞ የዓይን ነጩ ላይ የሚያርፈው ትልቅ ጠንካራ ሌንስ፣ ከሰዓት በኋላ ስለሚደበዝዝብሽ በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ ልመልሰው ወይ ብለሻል። በፍጹም! የታሸገ የመጠጥ ውሃም ቢሆን አይሆንም። አካንታሚባ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ክሎሪንም ሁልጊዜ አይገድለውም። የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል።

ብዥታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌንሱ ሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ቆሻሻ ሲጠራቀም ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢና በደንብ አድርቂ። ከዚያ ሌንሱን አውጥተሽ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል በሌለው ሳላይን (ለሌንስ የሚሸጥ ከጀርም የጸዳ የጨው ውሃ) አለቅልቂው፣ በአዲስ ሳላይን ሞልተሽ መልሺው። ስታወጪው የሌንስ ማውጫዋን ላስቲክ የሌንሱ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ጠርዙ ለጥፊያት፤ መሃሉ ላይ ከሆነ ሌንሱ እንደ ዋግምት ዓይንሽን ይዞ ይቀራል።

ማታ ሌንሱን ለማሳደር ግን ሳላይን ብቻውን አይበቃም፤ ጀርም አይገድልም። እኔ የምመርጠው ለሌንስ ማጽጃ የተሠራውን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። እሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፦ አብሮት በሚመጣው ማስቀመጫ ብቻ፣ ቢያንስ ለ6 ሰዓት። ፐሮክሳይዱን የምታከሽፈው (ዓይን እንዳያቃጥል የምታደርገው) ማስቀመጫው ውስጥ ያለችው ቁራጭ ናት። ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቺ ማስቀመጫውንም ቀይሪ። ሳይከሽፍ ዓይን ከነካ አያድርስ ነው የሚያቃጥለው!

ዓይንሽ ከቀላ፣ ካመመሽ ወይም ብርሃን ካስቸገረሽ ሌንሱን አውጥተሽ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ሌንሱንም ከነማስቀመጫው ይዘሽ ሂጂ፤ ሊመረምሩት ይችላሉ።