ጎረቤት የከሰሰው ገንዳ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በጓሮዬ ባሠራሁት የሲሚንቶ ገንዳ ቆሮሶ ዓሣ አረባለሁ። ጎረቤቴ የፓምፑ ጩኸት እንቅልፍ ነሳኝ ብለው ስላማረሩ ሌሊት ሌሊት ማጥፋት ጀመርኩ። ኋላም ማጣሪያው ተደፍኖ ፓምፑ ጨርሶ ከቆመ ሁለት ወር ሆነው፤ ዓሣዎቹም አለቁ። አሁን ልጃቸው ወባ ታሞ ስለነበር ትንኙ የመጣው ከእኔ ገንዳ እንደሆነ ተናግረው፣ የሕክምናውን ወጪ እንድከፍልና ገንዳውን እንድደፍን ይጠይቁኛል። ቢከሱኝ ይረታሉ? ትንኙን ለማጥፋት የሰብል መድኃኒት ውሃው ውስጥ ብጨምርስ?

መልስ፦ ጎረቤትዎን ለማስደሰት ያደረጉት ነገር የባሰ ጣጣ አምጥቶብዎታል። ጩኸቱ በቀላሉ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር፤ የቆመ ውሃ ግን እንዲያ አይደለም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል። ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና መንቀጥቀጥን በስም ይጠራል። የሚከለክለው ግን ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ነው፤ ልኩ የሚታየውም በአካባቢው ልማድና በቦታው አቀማመጥ ነው። ፓምፕ ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው ቆሻሻ ሲያንቀው ነው። ማጣሪያውን በየሳምንቱ ቢያጥቡት፣ ከጋራው ግንብ ቢያርቁትና ከሥሩ ቁራጭ ጎማ ቢያነጥፉለት ክርክሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ትንኝ በአንቀጹ በስም አልተጠቀሰም። ይህ አያዘናጋዎት፤ ማወክና መጉዳት የሚለው ጠቅላላ ክልከላ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ ድሬዳዋ ላይ። በአገራችን መጀመሪያ በፈረንጆቹ 2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ረግረግ ሳትሻ በከተማ በርሜልና ገንዳ ትራባለች። በ2022 በከተማችሁ ከተቀሰቀሰው ወባ ጋርም ስሟ ተያይዟል። የድሬዳዋ ዳኛ የገንዳ ትንኝ ክስ ቀርቦለት የሚስቅ አይመስለኝም።

ወደ ካሳው ስንመጣ ነገሩ ለጎረቤትዎ ይከብዳል። ልጁን የነከሰችው ትንኝ ከእርስዎ ገንዳ እንጂ ከሌላ ሰው በርሜል አለመውጣቷን የማስረዳት ሸክም የከሳሽ ነው። ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈም በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ በይርጋ ይታገዳል። እኔን የሚያሰጋኝ ፍርድ ቤቱ ሁከቱ ይቁም ብሎ እንዳያዝ ነው። ፓምፑ ከተጠገነና ውሃው ከተንቀሳቀሰ፣ የትንኝ እጭ የሚበሉ ዓሣዎችም ከተመለሱ፣ ገንዳው ይደፈን የሚለው ጥያቄ አቅም ያጣል። ገንዳውን ዛሬውኑ አድርቀው ያጽዱት፤ ፎቶግራፍ ያንሱ፣ የጥገናውንም ደረሰኝ ይያዙ።

የሰብል መድኃኒቱን ነገር ይተዉት። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መኖሩ ሳያንስ፣ ብዙዎቹ የነፍሳት ማጥፊያዎች ለዓሣ መርዝ ናቸው። ከዚያ ውሃ የጎረቤት ፍየል ብትጠጣ ደግሞ ሁለተኛ ክስ በገዛ እጅዎ ጻፉ ማለት ነው።

ጎረቤትዎ ገና ፍርድ ቤት ካልሄዱ ሽማግሌ ይላኩ። በአንቀጽ 3307 የተመለከተው የእርቅ ስምምነት ክርክርን ይዘጋል፤ በአንቀጽ 3312 መሠረትም በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። ፓምፑ የት እንደሚቀመጥ፣ በስንት ቀን እንደሚታጠብ፣ መብራት ለቀናት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ይጻፍበት። «ሕመሙን ያደረስኩት እኔ ነኝ» የሚል ቃል ግን እንዳይገባበት ተጠንቅቀው ያንብቡት። በሕክምናው ወጪ ሊያግዟቸው ከወደዱ ገንዘቡ በጉርብትና የተሰጠ መሆኑ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይስፈር።