ካምቢዮውን ከማውረድህ በፊት ካርቶን አንጥፍ

ከአዳማ የጻፈልኝ አንባቢ የ1967 ሞዴል ቮልስ አለው። ከአባቱ የወረሳት ናት። ጠዋት ጠዋት ከኋላ እግሮቿ መሀል ሳንቲም የምታህል የዘይት ጠብታ ያገኝ ነበር። ሰሞኑን ሳንቲሟ ሳህን አክላለች። አንዱ መካኒክ «ካምቢዮው ወርዶ ፓራኦሊዮ በሙሉ ይቀየር» አለው (ካምቢዮ የማርሹ ሳጥን ነው፤ ፓራኦሊዮ ደግሞ በዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይሾልክ የሚይዝ የጎማ ቀለበት)። ሌላው ደግሞ «የድሮ መኪና ነው፣ ዘይት እየጨመርክ ንዳ» አለው። «ጋሼ፣ የቱን ልስማ?» ይለኛል።

ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው፣ ወንድሜ። ሁለቱም ከየት እንደሚፈስ ሳያዩ ነው የፈረዱት።

መጀመሪያ የምን ዘይት እንደሆነ እንወቅ። ቮልስ ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ ተያይዘው ስለተቀመጡ አንዱ በሌላው ዘይት ይታማል። ማታ ካርቶን አንጥፍበትና የጎማዎቹን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ጠዋት ጠብታውን በጣትህ ነክተህ አሽትተው። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ይላል፣ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ክብሪት እንደተጫረበት ቤት ማለት ነው። የሞተር ዘይት ቀጠን ብሎ የጠቆረ ነው፤ ሽታውም የተቃጠለ ነው። የሞተር ከሆነ ይህ ጽሑፍ ያንተ አይደለም።

የካምቢዮ ከሆነ ግን ሆዷን በላምባና በብሩሽ እጠብ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፣ አጠገብህም ሲጋራ የሚያጨስ አይቁም። ከደረቀ በኋላ የሕፃን ፓውደር ንፋበትና አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ተመለስ። ነጩ ላይ ዘይቱ የሄደበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስትነዳ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ጠብታው ካለበት ሳይሆን ከፊቱ ፈልግ።

እኔ ብወራረድ የምወራረደው በጎማ መሸፈኛው ነው። ካምቢዮው ግራና ቀኝ፣ የሰሚያሱ (የኋላ እግሯን የሚያዞረው ዘንግ) ቱቦ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ አለ። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ቱቦው ከነእግሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ጎማውም አብሮ ይታጠፋል። ሙቀትና ዕድሜ ያደርቁታል። ላይ ላዩን ደህና ይመስላል። እጥፋቱን በሁለት አውራ ጣት ገልጠህ ስታየው ግን ውስጡ እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

ይህን ለመቀየር ካምቢዮ አይወርድም። ጎኑ ላይ የተከፈለ፣ በትንንሽ ቡሎኖች የሚገጠም ዓይነት አለ፤ ሶማሌ ተራ ብትጠይቅ የሚያውቁት አይጠፉም። አሮጌውን በምላጭ ቅደድና አውጣ። ጎማው የሚቀመጥበትን ብረት ከዘይት አጽዳ፣ አለበለዚያ ይንሸራተታል። አዲሱን ስትገጥም ስፌቱ ወደ መኪናዋ ኋላ ይዙር፣ አግድም ይሁን። ወደ ታች ከዞረ ዘይቱ እዚያው ተኝቶ በስፌቱ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ ማሰሪያዎቹን ጥርቅም ያደርጋል። ስትወርድ ቱቦው ቦታውን ይቀይራል፣ ጎማው ይጠማዘዛል፣ ስፌቱ ይከፈታል። እንደነገሩ አስረህ አውርዳት፤ ክብደቷ እግሮቿ ላይ ካረፈ በኋላ አጥብቀው። ቡሎኖቹንም ጎማው ተጨምቆ እስኪወጣ ድረስ አትግፋቸው። ሥር ስትገባ ደግሞ በክሪክ ብቻ አትመን፤ የብረት መቆሚያ አድርግ። ድንጋይ መቆሚያ አይደለም።

ጎማው ደህና ሆኖ ከሥሩ ያለው ባለ ስድስት ዳዶ ክዳን ዙሪያ ከረጠበስ? ያ ጓርኒሲዮኑ፣ ከክዳኑ ሥር የሚገባው ወረቀት ነው። የወረቀቱ ውፍረት የቱቦውን ጨዋታ ስለሚወስን በሲሊኮን መለቅለቅ አይሆንም። ልክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

ዘይቱ መሬት የሚረግጠውን ጎማ ውስጠኛ ጎን ካረጠበ የእግሩ ፓራኦሊዮ ነው። ይህኛው ያስፈራኛል፤ የፍሬን ሸራው ዘይት ከጠጣ ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየራል። መሀል ላይ ያለው ዳዶ 36 ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሲታሰርም 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምር እንጂ ወደኋላ አታላላ።

ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ወደ ፍሪሲዮን የሚገባው ዘንግ ፓራኦሊዮ ነው። ያኔም የሚወርደው ሞተሩ ነው፣ ካምቢዮው አይደለም። አንዴ ከወረደ የሞተሩንም የቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚገጠምበት ከባድ የብረት ክብ) ፓራኦሊዮ አብረህ ቀይር፤ ለሁለት የጎማ ቀለበት ሁለት ጊዜ ሞተር አይወርድም።

አሁን ወደ ዘይቱ። መውረጃውን ከመፍታትህ በፊት በግራ ጎን ያለውን መሙያ ታፖ (መድፈኛ) ፍታ። ሁለቱም 17 ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ናቸው። መሙያው አልፈታ ብሎ ዘይቱ ቀድሞ ከወረደ መኪናዋ እዚያው ቀረች ማለት ነው። የሚገባው 90 ዘይት፣ ጂኤል 4 የሚል ነው። ጂኤል 5 ቢሰጡህ አትውሰድ፤ ማርሽ የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ብዙም አይወዳቸውም። ሲቀየር ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይገባል።

እቃ አቀባይ ሳለሁ ቶሎ ቶሎ ገለበጥኩት። አንድ ሊትር እንኳ ሳይገባ በቀዳዳው ፈሰሰ። ሞላ ብዬ ታፖውን አሰርኩ። ባለመኪናው በሳምንቱ ካምቢዮው እያፏጨ ተመለሰ፤ አለቃዬ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። የቮልስ ካምቢዮ ዘይቱን ቀስ ብሎ ነው ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው። ጨምር፣ ሻይህን ጠጣ፣ እንደገና ጨምር። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ዘይቱ ከቀዳዳው ጠርዝ ሲደርስ በቃህ፤ ዝጋው።

ከሳምንት በኋላ ካርቶኑን መልሰህ አንጥፍና ያየኸውን ጻፍልኝ።