ክብደት፣ የሥራ ጭንቀትና ራስን መናቅ፦ ጥያቄና መልስ

በምክር አገልግሎት ሥራዬ ስለ ክብደት፣ ስለ ሥራ ጫናና በራስ ስለ መተማመን ከብዙ ሰዎች ጋር ተነጋግሬአለሁ። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። አስቀድሜ ግን አቋሜን ልናገር። ሦስቱ ነገሮች ተነጣጥለው ሲመጡ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ሰው ሁሉ ከምግቡ ሲጀምር እኔ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፉና ከሥራ ሰዓቱ የምጀምረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቆሜ እበላለሁ። ቀን ቀን ግን እጠነቀቃለሁ፤ ቁርስ አልበላም፣ ምሳዬም ትንሽ ናት። ማታ ምን እንደሚነካኝ አላውቅም። ራሴን መግዛት ያቃተኝ ሴት ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም፣ እኅቴ። ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል፦ ቁርስ የለም፣ ምሳ ትንሽ ናት። ማታ የሚያሸንፍሽ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመ ረሃብ ነው፤ በዚያ ላይ የቀኑ ድካም ተጨምሮበታል።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አንሴል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀንሶ አጥንቷቸው ነበር። በአካልም በአእምሮም ጤነኞች መሆናቸው ተረጋግጦ የተመረጡ ወንዶች ነበሩ። ምግቡ ሲቀንስ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ገደቡ ከተነሣ በኋላም ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ አልጠግብ ያሉ ነበሩ። እነዚያን ወጣቶች ደካማ የሚላቸው የለም። አንቺም በየቀኑ በትንሹ ያንኑ በራስሽ ላይ እያደረግሽ፣ ሰውነትሽ ሲመልስልሽ ጥፋተኛ ነኝ ትያለሽ።

ቁርስ ብዪ። ምሳሽ ፕሮቲንና ፋይበር ያለው፣ የሚያጠግብ ምሳ ይሁን። ከሥራ ከመውጣትሽ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ ትንሽ ነገር ቅመሺ። ቤት ስትደርሺ ጫማሽን አውልቂ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ፊትሽን ታጠቢ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በሳህን አድርገሽ ተቀምጠሽ ብዪ። አትብዪ አላልኩሽም። ይህን የመሰለ ነገር ስመክር ሰዎች ቁርስ ከጨመርኩ ይበልጥ አልወፍርም ወይ ብለው ይፈራሉ። የማታው ከቀለለ የቀኑ ድምር ብዙውን ጊዜ አይጨምርም። ለሁለት ሳምንት ሞክሪውና ማታሽን ተመልከቺ፤ ሚዛኑን ለጊዜው ተዪው።

ጥያቄ፦ ጭንቀት በራሱ ያወፍራል ወይስ ስለምንበላ ብቻ ነው?

መልስ፦ ከምንም ስብ አይፈጠርም፤ ጭንቀት ግን የምንበላውን፣ የምንተኛውንና የምንንቀሳቀሰውን ይለውጣል። ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ጠቃሚ ነው። ጭንቀቱ ወራት ሲዘልቅ ግን የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ነገር ያምረናል፣ ስብም በሆድ አካባቢ የመከማቸት ዝንባሌ ይኖረዋል። ቦርጩ ከሌላው ቀድሞ የሚታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በቀን አምስት ሰዓት ብቻ እተኛለሁ። ስፖርት ለመሥራት አንድ ሰዓት ቀድሜ ለመነሣት አስቤአለሁ። ጥሩ ነው?

መልስ፦ አይደለም። መጀመሪያ ተኛ። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። እንቅልፍ ሲያንስ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ የደከመ ሰው በቀን ብዙ አይንቀሳቀስም። ከአምስት ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ቀንሰህ የምታገኘው ስፖርት ከሚሰጥህ ይበልጥ ይወስድብሃል። ለጊዜው ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ መራመድ፣ ስልክ ስታናግርም ቆመህ መንቀሳቀስ ይበቃሃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ደቂቃዎቹ ተቆራርጠው ቢሠሩም ይቆጠራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍተኛ ማንኮራፋት ካለብህ፣ ስትተኛ ትንፋሽህ ቆም እንደሚል ከነገሩህ ወይም ሰባት ሰዓት ተኝተህም ቀን ቀን የምታንቀላፋ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂድ። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። አንዱን ሥራ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፤ እምቢ ማለትም አይቻልም። በሁለት ዓመት 14 ኪሎ ጨመርኩ። የምነግረው ሰው ሁሉ «በጥልቀት ተንፍስ፣ ዘና በል» ይለኛል።

መልስ፦ በጥልቀት መተንፈስ ልብን ለጊዜው ያረጋጋል፤ የሥራውን ብዛት ግን አይቀንስም። ጫናው ከሥራው ሆኖ ሳለ መፍትሔውን ሁሉ በሠራተኛው ትከሻ ላይ መጣል በጣም ያሳዝነኛል። ሮበርት ካራሴክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ያመለከቱት ነገር ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ይታያል፦ ይበልጥ የሚጎዳው ሥራው ሲበዛና ሠራተኛው በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው በሥራ መዛልን የገለጸው በሽታ ብሎ ሳይሆን፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎ ነው። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና ሥራውን መጥላት፣ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። ሦስተኛውን ልብ ይበሉት። በራስ መተማመንዎ የተሸረሸረው ከዚያ በኩል ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን በቦርጭዎ ያሳብቡ ይሆናል።

እንዲህ ያድርጉ። በእጅዎ ያሉትን ሥራዎች በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የሚወስደውን ሰዓት ያስቀምጡ፣ ከታች ይደምሩት። ወረቀቱን ይዘው ወደ አለቃዎ ይግቡ። «አልቻልኩም» አይበሉ። «እነዚህ 60 ሰዓት ይወስዳሉ፤ ሳምንቱ ያለው 40 ሰዓት ነው፤ የትኛው ይተላለፍ?» ብለው ይጠይቁ። ቅድሚያ የመስጠቱን ኃላፊነት ወደ ባለቤቱ መለሱት ማለት ነው። ሁሉም አለቃ በጎ መልስ አይሰጥም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቀው ምንም ካልተለወጠ ሌላ ሥራ መፈለግ መጀመር ለጤናዎ የሚወስዱት እርምጃ ነው፤ እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። ሌላ እስኪገኝ ድረስ ግን አይልቀቁ፤ የገንዘብ ጭንቀትም ያው ጭንቀት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ውስጥ 1.5 ኪሎ ጨመርኩ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በአብዛኛው ውኃ ነው። ጨው የበዛበት ምግብ፣ የወር አበባ መቃረብ፣ የሆድ ድርቀት፣ ከቆየ የምግብ ገደብ በኋላ መብላት፣ ሁሉም ክብደትን በአንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ ይህን ያህል ትርፍ በአንድ ቀን መብላት ቀላል አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ተመዘኚ። ቁጥሩ ቀንሽን ሙሉ የሚያበላሽብሽ ከሆነ ሚዛኑን ለጊዜው ከቤት አውጪው።

ጥያቄ፦ ክብደቴን ስቀንስ በራስ መተማመኔ ይመለስ ይሆን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ብዙዎቻችሁ አቅርባችሁታል። ጥቂት ይሻሻላል፤ የምትጠብቁትን ያህል ግን አይደለም። «አስቀያሚ ነኝ፣ አልረባም» የሚለው የውስጥ ድምፅ ከክብደቱ ጋር አብሮ አይቀልም። ክብደታቸው ቀንሶ «ተመልሼ ብወፍርስ» በሚል ፍርሃት ከበፊቱ የባሰ የሚጨነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ራስን መገሠጽ ይጠቅማል የሚለውን እምነት በጣም እቃወማለሁ። ራሳችንን ካልሰደብን የምንሰንፍ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳይቷል። ምግባቸውን ለመገደብ የሚጥሩ ሴቶች ጣፋጭ ነገር እንዲበሉ ተደረገ፤ ከዚያ ለከፊሎቹ «ይህ ማንንም ያጋጥማል፤ በራስሽ ላይ አትጨክኚ» የሚል ቃል ተነገራቸው። ቀጥሎ ከረሜላ ሲቀርብ ይህን ቃል የሰሙት ካልሰሙት ያነሰ በሉ። ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ግን ይህ ነው፦ በላሁ፣ ራሴን ሰደብኩ፣ ስድቡ አመመኝ፣ ሕመሙን ለማስታገስ እንደገና በላሁ።

ስለዚህ «ስቀንስ አደርገዋለሁ» ብላችሁ ያቆያችሁትን ነገር ጻፉ። ፎቶ መነሣት፣ ዋና መሄድ፣ ለዕድገት ማመልከት፣ የድሮ ጓደኛ ማግኘት፣ በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ሊሆን ይችላል። አንዱን ምረጡና በዚህ ሳምንት፣ አሁን ባለው ሰውነታችሁ አድርጉት። በራስ መተማመን የፈራነውን ነገር አድርገን ሳንሞት ስንቀር ነው የሚያድገው።

ሁለተኛው ምክሬ ተራ ይመስላል፤ ልካችሁን ልበሱ። ቁልፉ ሆድን የሚቆርጥ፣ ማታ ሲወልቅ ወገብ ላይ ቀይ መስመር ትቶ የሚሄድ ሱሪ በተቀመጣችሁ ቁጥር «ወፍረሃል» ይላችኋል። በየስብሰባው ሸሚዙን ከሆድ ላይ እየጎተተ የሚቀመጥ ሰው ሐሳቡ ከስብሰባው ላይ አይሆንም። «ለዚህ ሰውነት ልብስ አልገዛም» ብሎ መማል ቅጣት ነው። የሚመቹ ሁለት ሱሪዎች ይኑሯችሁ፤ የጠበቡትን ከዓይናችሁ አርቁ።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ ባዩኝ ቁጥር «ወፈርሽ» ይሉኛል። እየሳቅሁ አልፋለሁ፤ ቤት ስገባ አለቅሳለሁ።

መልስ፦ መሳቅሽን አቁሚ፤ ቁጣም አያስፈልግም። «ስለ ሰውነቴ ባናወራ ደስ ይለኛል» ብለሽ ወዲያው ወደ ሥራው ጉዳይ ግቢ። ሲደግሙት ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ድገሚው። ለምን እንደወፈርሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። በክብደታቸው የሚሸማቀቁ ሰዎች በጊዜ ብዛት ይበልጥ የመጨመር ዕድል እንዳላቸው ጥናቶች ያሳያሉ፤ «ለጥቅምሽ ብዬ ነው» የሚል ሰው ካለ ይህን ንገሪው።

ጥያቄ፦ የድብርት መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ወፈርኩ። ላቁመው?

መልስ፦ በራስህ ውሳኔ በፍጹም አታቁም። በድንገት ማቆም ሕመሙን ሊመልሰውና ሌላም ችግር ሊያስከትል ይችላል። እንደ ሚርታዛፒን ያሉ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ለእብጠትና ለአለርጂ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎንና የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ኢንሱሊን ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ይህን ለሐኪምህ ንገረው፤ ብዙ ጊዜ አማራጭ ይገኛል። ያለ ግልጽ ምክንያት ለወፈራችሁም የታይሮይድ ዕጢ መድከም ወይም በሴቶች የእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ) ችግር ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ይገባል።

ጥያቄ፦ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ (BMI) 31 ነህ አለኝ። ስንት ኪሎ መቀነስ አለብኝ? ክብደት የሚያስቀንሰው መርፌስ?

መልስ፦ ከ30 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ መለኪያው ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስለዚህ የወገብ ዙሪያህን፣ የደም ግፊትህንና ስኳርህንም ተለካ። ከክብደትህ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ ግፊትንና ስኳርን ሊያሻሽል ይችላል፤ 100 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ማለት ነው። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት መርፌዎች ይሠራሉ፤ ሲቆሙ ግን የቀነሰው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ በብዛት ይመለሳል። በሐኪም ክትትል እንጂ ከሐኪም ውጭ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ተደብቄ እስኪያመኝ ድረስ እበላለሁ፤ ማቆም አልችልም። አንዳንዴ ባልነቃ ይሻለኛል እላለሁ።

መልስ፦ ይህን በመጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። የመጀመሪያው ስም ያለው ሕመም ነው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ከቁጥጥር ውጭ የሆነ አበላል፣ ከእፍረትና ከጥፋተኝነት ስሜት ጋር ሲኖር ከመጠን በላይ የመብላት መታወክ ይባላል፤ በንግግር ሕክምናም ይታከማል። አሁን ክብደት የሚያስቀንስ ምንም ዓይነት የምግብ ገደብ አትጀምሪ፤ ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ግን ከክብደትና ከሥራ ሁሉ ይቀድማል። ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪ፣ ሰውየው አብሮሽ ሐኪም ጋ ይሂድ። ራስሽን ለመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ብቻሽን አትሁኚ፤ በአቅራቢያሽ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሂጂ። ሌሎቻችሁም ቢሆን፣ መከፋቱ ወይም ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ከዘለቀ የባለሙያ እርዳታ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሚስቴ በሥራ ተወጥራለች፣ ወፍራለች፣ ራሷን ትጠላለች። ምን ልርዳት?

መልስ፦ ስለ ምግቧ አትናገር፤ ሳህኗንም አትይ። ስፖርት ቤት አትመዝግባት። «የዛሬው ቀን ከምኑ ላይ ከበደሽ?» ብለህ ጠይቃት፤ ስትመልስልህ መፍትሔ አትደርድር፣ አድምጣት። ከዚያ ከማታው የቤት ሥራ አንዱን ሙሉ በሙሉ ያንተ አድርገው፤ ልጆቹን ማስተኛት ወይም እራት ማዘጋጀት። ሳትጠየቅ፣ በየቀኑ። ያ ጊዜ ለእንቅልፏ ይሁን።