ለብቻ የተለመደ ዝላይ ሰው መሀል ይሠራል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ነው? ዛሬ መብራት እስኪሄድ ድረስ የመጣልኝን ጥያቄ እመልሳለሁ። ወሬያችን አንድ ነው። ብቻችንን መቶ ጊዜ እየሞትን የምንጨርሳቸው ፈታኝ ሌቨሎች፣ ከሰው ጋር እየተሯሯጥን በምንዘልባቸው ጌሞች ላይ ጎበዝ ያደርጉናል ወይ? እኔ ባህር ዳር ጌም ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት ብል ውሸት አይሆንም። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነኝ፤ የተለወጠው ነገር የተበላሸ ጆይስቲክ የምጠግነው እኔ መሆኔ ብቻ ነው። በሉ እንጀምር።

ከፔዳ፦ ሮብሎክስ ላይ የመሰናክል ሩጫዎቹን፣ ኦቢ የሚባሉትን፣ ከባድ ከባዱን ጨርሻለሁ። ስተምብል ጋይስ ስገባ ግን ከሁለተኛው ዙር አላልፍም። ምን ሆኜ ነው?

ሰው ነው የጣለህ። እየቀለድኩ አይደለም። ኦቢ ላይ መሰናክሉ ዛሬም ነገም እዚያው ቦታው ላይ ነው፣ እጅህ ይሸመድደዋል። ስተምብል ጋይስ ላይ ግን እስከ 32 ሰው አብሮህ ይገባል፤ እያንዳንዱ ደግሞ በራሱ ሐሳብ የሚሮጥ መሰናክል ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ከኋላው ቆሜ አየሁት። ዓይኑ ከራሱ ገጸ ባሕርይ እግር ሥር አይነሳም። የሚሽከረከረው ዘንግ መጣ፣ በትክክለኛው ሰዓት ዘለለ፣ ግን ከፊቱ ሁለት ተጫዋቾች ተጋጭተው መንገዱን ዘግተውት ስለነበር አየር ላይ እያለ ተላተማቸውና ውኃ ገባ። ዞሮ አየኝና «ዘልያለሁ እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዘሏል።

ከአባይ ማዶ፦ ታዲያ ፈታኝ ሌቨል ጊዜ ማባከን ነው ልትለን ነው?

ኧረ በፍጹም። ባጃጅ መንዳት የጀመረ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እጁን ያያል፣ ማርሹን ያያል፣ መንገዱን ግን አያይም። ከጥቂት ወር በኋላ ያው ሰው ከተሳፋሪ ጋር እየተጨቃጨቀ፣ ስልክ እያነሳ (ባያነሳ ይሻል ነበር)፣ ከየት ማን እንደሚገባበት ያውቃል። ፈታኝ ሌቨል የሚሠራልህ ይህንን ነው፦ ዝላዩን ወደ እጅህ ያወርደውና ዓይንህን ለሰው ያስለቅቅልሃል። መለኪያም አለው። ሌቨሉን ከጓደኛህ ጋር እያወራህ ጨርሰው። አፍህን ስትከፍት የምትወድቅ ከሆነ ዝላዩ ገና እጅህ አልገባም፣ ቀጥል። እያወራህ ከጨረስከው ግን ያ ሌቨል ከዚህ በኋላ የሚያስተምርህ ራሱን ብቻ ነውና ተወው።

ከፖሊ፦ አንዱን ሌቨል 200 ጊዜ ይሻላል ወይስ ብዙ ሌቨል ጥቂት ጥቂት ጊዜ?

ማቀላቀል ይሻላል፣ ግን መጀመሪያ ላይ የባሰብህ ይመስልሃል። በ1979 እ.ኤ.አ. ሺያና ሞርጋን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ትናንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች በተለያየ ቅደም ተከተል በእጃቸው እንዲጥሉ አለማመዱ። ገሚሱ አንዱን ቅደም ተከተል ሲጨርስ ወደ ሌላው ሄደ፣ ገሚሱ እየተቀላቀለ መጣለት። ልምምዱ ላይ ፈጣኖቹ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን የተሻለ ያስታወሱት የተቀላቀለባቸው ናቸው። ስለዚህ አምስት ሌቨል ያዝና እያፈራረቅህ ተጫወት። ትበሳጫለህ። ቻለው።

ስም የለሽ፦ ሴሌስት የሚባለው የዝላይ ጌም ላይ ጠርዙን አልፌም ቢሆን ይዘልልኛል። ኮምፒውተሬ ነው?

ጌሙ ነው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መሬቱን ከለቀቅህ በኋላ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይታገስሃል። ሁሉም ጌም ግን እንዲህ ደግ አይደለም፤ ሴሌስት ላይ ጠርዝ አሳልፎ መዝለል የለመደ እጅ ሌላ ቦታ ገደል ይከታል። አዲስ ጌም ስትጀምር ከሁሉ በፊት ጠርዝ ላይ ቆመህ እስከ የት ድረስ እንደሚታገስህ ሞክር።

ከዘጌ፦ ኔትወርኬ ደካማ ነው፣ ፒንጌ (መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 180 ሚሊሰከንድ ይላል። ልምምድ ምን ሊያደርግልኝ ነው?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም አንዷ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ናት፤ 180 ማለት 11 ምስል አካባቢ መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ የራስህ ዝላይ አይዘገይም፣ ምክንያቱም እሱን ስልክህ ራሱ ወዲያው ያሳይሃል። የሚዘገየው የሌላው ሰው ምስል ነው። አጠገብህ ያለ የሚመስልህ ሰው አልፎህ ሄዷል። የብቻ ሌቨል ይህንን ሊያስተምርህ አይችልም፣ ምክንያቱም እዚያ ሌላ ሰው የለም። አንተ ማድረግ የምትችለው ከግርግሩ አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለህ መሮጥ ነው፤ ሰው ሲገፋፋ አንተ በዳር ትሄዳለህ። ዝላይህ የተጣራ ከሆነ ዳር ዳሩን መሄድ አያስፈራህም፣ ልምምዱ የሚጠቅምህም እዚህ ጋ ነው።

አንዲት እናት ከሹም አቦ፦ ልጄ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ «ልምምድ ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

እህቴ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምናልባት ልምምድ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እልህ ነው። እጁ ሲደክም የሚለምደው ስህተቱን ነው። ያስነሱት፣ ይብላ፣ ይተኛ። ሌሊት እንቅልፍ ላይ አእምሮ የእጅ ልምድን ያጠናክራል፤ ትናንት እምቢ ያለው ዝላይ ጠዋት በሦስተኛ ሙከራ ሲሳካለት እርስዎም ያዩታል። «ተኝተህ ተለማመድ» ብለው ይንገሩት፣ ደስ ይለዋል።

ስም የለሽ፦ ማሪዮ ሜከር ላይ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ሌቨል በሚሠሩበት ጌም፣ የማይቻል ሌቨል ገጠመኝ።

የሠራው ሰው መጀመሪያ ራሱ ካልጨረሰው ጌሙ ለሌሎች እንዲለቀው አይፈቅድለትም። ይቻላል ማለት ነው። ክፋት ግን ነው።

ከፔዳ፣ ያው ልጅ፦ እሺ፣ ከሰው ጋር መጫወትን የሚያለማምድ ፈታኝ ሌቨል የለም?

አልቲሜት ቺክን ሆርስን ፈልገው። እስከ አራት ሆናችሁ ትገባላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ መሰናክል ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ሁላችሁም ትሮጣላችሁ። ሌቨሉ በየዙሩ ይለወጣል፤ የሚለውጠው ደግሞ አጠገብህ ተቀምጦ የሚስቅብህ ጓደኛህ ነው። ጓደኛህ መጋዝ የት እንደሚያስቀምጥ መገመት ስትጀምር፣ ያን ጊዜ የምትማረው ሰውን ነው። ካላገኘኸው በምትጫወተው ጌም ላይ ከጓደኞችህ ጋር የግል ክፍል ከፍተህ አንዱን «አንተ ማሸነፍ የለብህም፣ ሥራህ እኔን መጣል ብቻ ነው» በለው። ነፃ ነው፣ ብዙ ጓደኛም ፈቃደኛ ነው።

ከአባይ ማዶ፦ ይህን ሁሉ የምታወራው አንተ ራስህ ስንተኛ ትወጣለህ?

የመጣው ይምጣ፣ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወር የለፋሁበትን ሌቨል በጨረስኩ ማግስት ጌም ቤት ሄጄ ተወዳደርኩ። የመጨረሻው ዝላይ ላይ አንድ 11 ዓመት የማይሞላው ልጅ ማዶ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ዝላዬ እንከን አልነበረውም። ልክ ሳርፍ ያዘኝና ይዞኝ ወረደ። ያንን ሌቨል ሞክሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የቱን?» አለኝ።