አዳራሹን ትተሽ ቢሯቸው ግቢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዩኒቨርሲቲያችሁ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ግማሹ ትምህርት በአካል፣ ግማሹ በኦንላይን ይሁን ብሎ ወስኗል። አንቺን ደግሞ አስተባባሪ አድርጎ መድቦሻል። 80 መምህራን ለሦስት ቀን አሠልጥናችሁ፣ ከወር በኋላ ስታዪ ሙድል (ኮርስ፣ ኩዊዝና ውጤት የሚቀመጥበት የኦንላይን ሲስተም) ላይ የሆነ ነገር የጫኑት 6 ብቻ ናቸው። «መምህራኑ ፍላጎት የላቸውም፤ ምን ላድርግ? ዙም ይገዛ ወይስ ሌላ?» ነው ያልሽው።

እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይሄንኑ ሥራ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የጀመርኩት መጋቢት 2012 ላይ፣ በኮሮና ምክንያት ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን ነው። ያኔ ሁላችንም በአንድ ሌሊት የኢለርኒንግ ባለሙያ ሆነን አደርን። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ አብዛኛው ነገር አንድ ጊዜ ያስወቀሰኝ ነው።

መጀመሪያ «ፍላጎት የላቸውም» የሚለውን እንተወው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛ ስል ነበር። አዳራሽ እንይዛለን፣ ሻይና ብስኩት እናቀርባለን፣ አበል እንከፍላለን፣ ፕሮጀክተር ላይ «እዚህ ጋ ይጫኑ፣ እዛ ጋ ይጫኑ» ስንል እንውላለን። መምህራኑ ይፈርማሉ፣ ሰርተፊኬት ይወስዳሉ፣ ይሄዳሉ። ሁሉም የሠሩት በመለማመጃ ኮርስ ላይ ስለሆነ የራሳቸው ኮርስ ባዶውን ይቀራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኩዊዝ ማዘጋጀት ሲፈልጉ የተማሩት ተኗል። መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው በልጁ ዕድሜ ያለ የላብ ቴክኒሻን ዘንድ ሄዶ «ፓስዎርዴ ጠፋኝ» ማለት ቀላል አይደለም። 50 ተማሪ እያየው ስክሪን ሼር ማድረግ ሲያቅተው ደግሞ አስቢው። አንዴ እንደዛ ከተሸማቀቀ ወዲያ አይመለስልሽም።

ይሄ የገባኝ በአንድ አንጋፋ መምህር ነው። ስታቲስቲክስ ያስተምራሉ። ሥልጠና ላይ ሁሌ የኋላ ወንበር ላይ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚቀመጡት። «እኔ ያለ ጠመኔ አላስተምርም» ብለው ዘግተውኛል። አንድ ቀን ፕሪንተራቸው ተበላሽቶ ቢሯቸው ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ በእጅ የተጻፈ ኖት አየሁ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ግን ደረጃ በደረጃ ተሠርቷል። «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን አንዷን ይሥሩልኝ» አልኳቸው። ግራና ቀኝ መጽሐፍ ከመርኩ። በሁለቱ ክምር መሀል ሁለት ማስመሪያ አጋደምኩ። ስልኬን እላዩ ላይ አስተኛሁት፣ ካሜራው ወጣ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ። ከሥር ነጭ ወረቀት። እሳቸው እንደ ወትሯቸው እያወሩ ጻፉ። ፊታቸው አይታይም፤ እጃቸውና ድምፃቸው ብቻ ነው ያለው። 7 ደቂቃ ፈጀ።

ቪዲዮውን አሳንሰን ለክፍል ተጠሪው በቴሌግራም ላክንለት። በማግስቱ ከሌላ ሴክሽን ሳይቀር ተማሪዎች መጥተው «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብለዋቸዋል። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «ያን የመጽሐፍ ክምር እንዴት ነበር ያደረግከው?» ዛሬ ሙድል ላይ ካሉን የተሟሉ ኮርሶች አንዱ የእሳቸው ነው። አሁንም ግን ዙም ላይ ፊታቸውን አያሳዩም። እኔም አላስገድዳቸውም።

ከዚያ ወዲህ አዳራሽ ቀረ። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን እኔና አንድ የላብ ቴክኒሻን ላፕቶፕ ይዘን ዲፓርትመንት እንገባለን። አንድ መምህር፣ አንድ ሰዓት፣ የራሱ ኮርስ። በዚያ ሰዓት የምንሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ተማሪው በዚያው ሳምንት የሚጠቀምበት መሆን አለበት። አርብ ኩዊዝ ካለ ኩዊዙን ነው የምንሠራው። ስለ ሌሎቹ የሙድል አማራጮች፣ ስለ ፎረም፣ ስለ ዊኪ፣ ስለ ባጅ ትንፍሽ አንልም። ማውሱ ሁሌ በመምህሩ እጅ ነው። ቀምተሽ «ቆይ ልሥራልዎት» ካልሽ አለቀልሽ፤ ጡረታ እስክትወጪ ይጠሩሻል።

ከየዲፓርትመንቱ አንድ ቀልጠፍ ያለ ወጣት መምህርም ያዢ። ሰው እኔን ከመጥራቱ በፊት ጎረቤቱን ቢጠይቅ ይቀለዋል። ነገር ግን ዲኑ ትንሽ የማስተማር ሎድ እንዲቀንስለት ካልተስማማ ልጁን አትያዢው። በበጎ ፈቃድ አንድ ሴሚስተር ይሮጥልሻል፣ ከዚያ ስልኩን አያነሳም። አይፈረድበትም።

አሁን ማንም ሥልጠና ላይ ወደማያነሳው ነገር ልግባ። መምህር ፊት ከመቅረብሽ በፊት የጓዳውን ሥራ ጨርሺ። እኛ ጋ የመጀመሪያው ሴሚስተር የከሸፈው በተማሪ መታወቂያ ቁጥር ነው ብልሽ ታምኛለሽ? ቁጥሮቻችን እዝባር (/) አላቸው። ሙድል ደግሞ እንደመጣ ከተተወ በተጠቃሚ ስም ውስጥ እዝባር አይቀበልም። ካፒታል ሌተርም አይቀበልም። ከሬጅስትራር የመጣውን ዝርዝር እንዳለ ልንጭነው ስንሞክር ስህተት በስህተት ሆነ፤ ስለዚህ በእጅ ማስገባት ጀመርን። በእጅ ሲገባ ደግሞ የአንዱ ስም በእንግሊዝኛ እዚህ በአንድ መልክ፣ እዚያ በሌላ መልክ ይጻፋል። ተማሪው አይገባለትም፤ መምህሩ «ይሄ ነገር አይሠራም» ይላል። መፍትሔው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነበር፦ ኤክሴል ላይ እዝባሩን በሙሉ በነጥብ መተካት፣ ፊደሉን ሁሉ ትንሽ ማድረግ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ መጫን።

ሁለተኛው የፋይል መጠን ነው። ሰርቨሩ ላይ ማንም ካልነካው የፒኤችፒ (ሙድል የተሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) የፋይል ገደብ 2 ሜጋባይት ነው። ፎቶ የበዛበት ፓወር ፖይንት አያልፍም። መምህሩ ገደቡን የት ያውቀዋል፤ «እምቢ አለኝ» ነው የሚልሽ። አይሲቲ ክፍላችሁን ነገውኑ ጠይቂ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ይሄን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ። ኩዊዝ አከፋፈት አሳይቻቸው ስለ ሰዓቱ ምንም ሳልል ሄድኩ። አንዲት መምህርት ለጠዋት 3 ሰዓት የተቀጠረ ኩዊዝ ነበራት። በኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ 3 ሞላች፤ መዝጊያውን 4። ሲስተሙ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው። ኩዊዙ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተከፍቶ 10 ላይ ተዘጋ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተማሪው ላብ ሞልቶ ይጠብቃል፤ ስክሪኑ «ተዘግቷል» ይላል። ሌሊት ሲያጠና ያየው አንድ ልጅ ብቻ ተፈትኖ ነበር። 10 ከ10። አሁን መመሪያችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰንጠረዥ አለ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት 9፣ ቀን 8 ሰዓት ማለት 14፣ ማታ 12 ሰዓት ማለት 18። ለአሳይንመንት መዝጊያም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፉ እናደርጋለን። ኢትዮጵያዊ ቀንና የፈረንጅ ቀን ተምታቶ ስንት «ቀኑ አልፎብኛል» አቤቱታ ይመጣ እንደነበር አልነግርሽም።

ዙም ይገዛ ወይ? እኔ ብሆን ለሁሉም አልገዛም። የነጻው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፤ የነጻው ጎግል ሚት 60 ደቂቃ ይሰጣል። ለማስተማር 40 ደቂቃ በቂ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ተማሪው ካሜራውን ዘግቶ ምግቡን እየበላ ነው። ለመከላከያ፣ ማለትም ለማስተርስና ለፒኤችዲ ቴሲስ ዲፌንስ፣ የውጭ ፈታኝ ስላለ የሚከፈልበት ያስፈልጋል። ለዚያ ሁለት ሦስት ይበቃል። የቀረውን ገንዘብ ማይክሮፎን ግዢበት።

ማይክሮፎን ያልኩት በምክንያት ነው። ሃይብሪድ ክፍልን፣ ማለትም ግማሹ ተማሪ ክፍል ውስጥ ግማሹ ቤቱ ሆኖ የሚከታተለውን፣ የሚገድለው ድምፅ ነው። መምህሩ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ሰሌዳው ሲሄድ ቤት ያለው ተማሪ ማጉረምረም ብቻ ይሰማል። ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ሲጠይቅማ ጭራሽ ዝምታ ነው። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ መምህሩን ይፈታዋል። ለጥያቄው ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መምህሩ ከመመለሱ በፊት ጥያቄውን ጮክ ብሎ ይድገመው። ቻቱን የሚከታተልም አንድ ተማሪ ይመደብ። መምህር ሰሌዳም ቻትም በአንድ ጊዜ አያይም።

ስለ ቴሌግራም ብዙ ሰው ይከራከረኛል። «ሙድል እያለ ቴሌግራም ምን ይሠራል» የሚሉ አሉ። ተማሪው ያለው እዚያ ነው፤ በቃ። እኛ እንዲህ ተስማምተናል፦ ማስታወቂያና ድምፅ በቴሌግራም፣ ውጤትና ፈተና በሙድል። ድምፅን አትናቂ። በሰከንድ በ32 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንግግር 14 ሜጋባይት ገደማ ነው። ተማሪው በቀን ፓኬጁ ያወርደዋል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ግን ወር ቆጥቦ የሚገዛውን ፓኬጅ ይበላበታል። ስላይድ በፒዲኤፍ፣ ድምፅ ለብቻው፤ ከሩቅ ገጠር ያሉ የክረምት ተማሪዎቻችን ከሁሉም በላይ የወደዱት ይሄን ነው።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ የሙድል የስልክ አፕ ያግዝሻል። ተማሪው ግቢ ዋይፋይ ላይ እያለ ኮርሱን አውርዶ ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ያነባል። ኩዊዝም መምህሩ ከፈቀደ ከመስመር ውጭ ይሠራል፣ መስመር ሲመጣ ይላካል። የሰዓት ገደብ የተደረገበት ኩዊዝ ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። ስለዚህ ለመለማመጃ እንጂ ለትልቅ ፈተና አታስቢው።

መምህራኑን ምን ያንቀሳቅሳቸዋል ላልሽው፣ እኛ ጋ ከሁሉም በላይ የሠራው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ተማሪው ስክሪን ላይ ተፈትኖ የማያውቅ ከሆነ፣ ጥያቄ መዝለልና ተመልሶ መምጣት ሳይለምድ ነው የሚገባው። ለመምህራኑ «ያሉዎትን የድሮ ፈተናዎች ወደ ሙድል የጥያቄ ባንክ እናስገባ፣ ተማሪ ይለማመድበት» ስንላቸው እምቢ ያለን ጥቂት ነው። ሲስተሙ ራሱ ያርማል። 120 ወረቀት ቅዳሜና እሑድ ከማረም ያረፈ መምህር ሁለተኛ ሥልጠና አይፈልግም፤ ራሱ ይመጣል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሱን እንዳለ ኢምፖርት ማድረግ እንደሚቻል ስታሳዪው ደግሞ ያቅፍሻል።

ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያመጣው የኢለርኒንግ ፕሮግራምም አለ። ግቢያችሁ ውስጥ የተሳተፈ መምህር ካለ ፈልገሽ ያዢው። የዲፓርትመንት ሰውሽ እሱ ሊሆን ይችላል።

ለሪፖርት ደግሞ «የሠለጠነ ብዛት» የሚለውን ሳጥን አትመኚው። አለቆችሽ ይጠይቁሻል፣ ሙዪላቸው። ለራስሽ ግን በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ያዢ፦ በዚህ ሳምንት ተማሪ የገባባቸው ኮርሶች ስንት ናቸው? ከ6 ወደ 11 ከሄደ ደህና ነሽ።

እዝባሩን የሚያጠፋውን የኤክሴል ፋይልና የሰዓት ሰንጠረዡን ነገ ከሰዓት እዚሁ እለጥፍልሻለሁ። አሁን አንድ መምህር ላፕቶፓቸውን ታቅፈው በሬ ላይ ቆመዋል። ፓስዎርድ ነው መሰለኝ።