ፍሪሲዮን ሳልረግጥ ማርሽ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ማንዋል ኮሮላ ነው። በቅርቡ የፍሪሲዮን ሸራ አስቀይሬ ብዙ ብር ወጣብኝ። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ ጓደኛዬ ደግሞ «ፍሪሲዮን ለመነሻና ለመቆሚያ ብቻ ነው። እየሄድክ ዙሩን ጠብቀህ ዝም ብለህ አስገባው፣ ሸራህ አያልቅም» ይለኛል። እሱ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ድምፅ እንኳ የለውም። እኔ ስሞክር ካምቢዮው ይጮሃል። እንዴት ነው የሚደረገው? መኪናዬንስ ይጎዳል?
ከአያት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ይቻላል ማለቱ እውነት ነው። ሸራህን ግን አያተርፍልህም። መጀመሪያ እሱን ልንገርህ።

የፍሪሲዮን ሸራ የሚያልቀው ሲፋተግ ነው። በደንብ የሚፋተገው ደግሞ ከቆምክበት ስትነሳ ነው፤ እየሄድክ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ስትቀይር ለቅጽበት ብቻ ነው። ዋናው በሽታ ዳገት ላይ ነው። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ የእጅ ፍሬን መሳብ ሰልችቶህ መኪናዋን በግማሽ ፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥለህ የምትጠብቃት እያንዳንዷ ደቂቃ፣ እየሄድክ ከምትቀይራቸው ብዙ ማርሾች የበለጠ ሸራ ትበላለች። ያ የሚቃጠል ሽታ እሱ ነው። ግራ እግርህን ፔዳሉ ላይ አሳርፈህ የመንዳት ልማድ ካለህም ተወው፤ ሳይታወቅህ በከፊል ረግጠኸዋል።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ካምቢዮ ውስጥ የሚገናኙት ጥርሶች እኩል ፍጥነት ላይ ካልደረሱ በሰላም አይገቡም። የቤት መኪና ላይ ይህን የሚያመቻች ሲንክሮ የሚባል አለ፤ ቀለበቱ ብዙ ጊዜ የነሐስ ነው። ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. መኪና ላይ እስኪያመጣው ድረስ ሹፌሩ በጆሮውና በእግሩ ነበር ፍጥነቱን የሚያስተካክለው። አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት ባለ 10 ማርሹ ኢተን ፉለር ካምቢዮ ሲንክሮ የለውም፣ ስለዚህ እዚያ ያለ ፍሪሲዮን መቀየር የዕለት ሥራ ነው። የአንተ መኪና ሲንክሮ ግን የተሠራው ፍሪሲዮን ተረግጦ ሞተሩ ከካምቢዮው ከተለየ በኋላ እንዲሠራ ነው። ሳትረግጥ ስታስገድደው የሞተሩን ዙር ጭምር መታገል አለበት። ቀለበቱ ያልቅና ከዚያ በኋላ ፍሪሲዮን ረግጠህም ይጮሃል። እሱን ለመቀየር ካምቢዮው ወርዶ፣ ተፈትቶ ነው። ሸራ ለመቀየር ካወጣኸው ብር ጋር አይወዳደርም።

አሠራሩን ማወቁ ግን ጥሩ ነው፤ የፍሪሲዮን ገመድ መንገድ ላይ ቢበጠስ ወይም የፍሪሲዮኑ ዘይት ቢፈስ ጋራዥ ያደርስሃል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 2600 ዙር እየዞረ እየሄድክ ነው እንበል። ነዳጁን ልቀቅ፣ በዚያው ቅጽበት ማርሹን በሁለት ጣት ወደ ዜሮ ሳበው። ሞተሩ መኪናዋን ሳይገፋም ሳይዝም የሚቆይበት አጭር ጊዜ አለ፣ እዚያ ላይ ከነካኸው ሳይታገል ይወጣል። ከዚያ ዙሩ እስኪወርድ ጠብቅ። የሦስተኛው ምጥጥን (የካምቢዮው መውጫ አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው ዙር) 1.3፣ የአራተኛው 1.0 ከሆነ ዙሩ 2000 አካባቢ ሲደርስ ነው የሚገባው። ማርሹን ወደ አራተኛ አስጠግተህ በቀስታ ደገፍ አድርገው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይገባል። ክርርር ካለ ወደ ዜሮ መልሰው፣ በፍጹም አትግፋው። ወደ ታች ስትቀይር ዜሮ ላይ ሆነህ ነዳጅ ሰጥተህ ዙሩን ከፍ ታደርግና ታስገባዋለህ፤ ይሄኛው ይከብዳል።

ከቆምክ በኋላ ለመነሳት ሞተሩን አጥፍተህ፣ አንደኛ አስገብተህ ቁልፉን ስታዞር ሞተሪኖው መኪናዋን እየገፋ ያስነሳታል። ወዲያው ስለምትስፈነጠር ከፊትህ ሰውም መኪናም መኖር የለበትም። ሜዳ ላይ ብቻ፣ ያውም እስከ ቅርቡ ጋራዥ።

ቁልቁለት ላይ ግን እንዳትሞክረው! ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ መኪናዋን የያዘልህ ማርሹ ነው። ያለ ፍሪሲዮን ልቀይር ብለህ ወደ ዜሮ አውጥተኸው ሁለተኛው አልገባ ካለህ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ መኪናዋም እየፈጠነች ስለምትሄድ ማርሹ ጭራሽ እምቢ ይላል። ገመዱ እዚያ ላይ ከተበጠሰ ባለህበት ማርሽ ሆነህ በፍሬን እያቀዘቀዝክ ዳር ያዝና ቁም። አራቱንም ፍሬቻ አብራ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አስቀምጥ፣ እርዳታ ጥራ።

አዲሱ ሸራም ቶሎ ካለቀብህ ሌላ ከመግዛትህ በፊት መካኒኩ ሁለት ነገር ይይልህ፦ ፔዳሉ ሲረገጥ ገና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ መንገድ እንዳለው፣ እና ከሞተሩ የኋላ የዘይት መያዣ ጎማ ዘይት ሸራው ላይ እንደማይንጠባጠብ።